አማካሪዋ ያላለችው

የኮሌጁ የተማሪዎች አማካሪ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በቢሮዋ ወለል ሞታ ተገኘች። የብረት ካቢኔው ማዕዘን ደም ነክቶታል። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አጠገቧ ተንበርክኮ ቀኝ እጇን በሁለት እጁ ጨብጧል። ልቀቅ ቢሉት አይሰማም። ዘበኛው የሕንፃውን በር ወዲያው ቢቆልፍም፣ ኮሪደሩን የሞላው ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ወሬ መቼ ማስረጃ ጠብቆ ያውቃል!

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ አንድ ፖሊስ ልጁን በካቴና ሊጎትት ነበር።

«ተወው።»

«እጅ ከፍንጅ እኮ ነው የተያዘው!»

«እኔ የማየው እጅ ከእጅ ነው። በሩን ዝጋና ውጭ ቁም።»

ከልጁ ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አንድም ነገር አልጠየቀችውም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ። ኮሪደሩን የሞላው ሰው «አውጡት!» እያለ በሩን ይደበድባል።

«ልወስድህ አልመጣሁም» አለችው በመጨረሻ። «መናገር ከፈለግህ እሰማለሁ፤ ካልፈለግህም አብረን እንቀመጣለን።»

«አራት ሰዓት ና ብላኝ ነበር» አለ ልጁ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ስገባ ወድቃለች። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው...»

ጨበጣው ላላ። የሟቿ መዳፍ ሲከፈት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት ወደቀች፤ የተቀደደ የደብዳቤ ጫፍ ናት። መርማሪዋ አንስታ ያዘቻት፤ ልጁንም ክፍሉንም አስፈተሸች። ቀሪው ወረቀት የለም።

ቢሮው ከሟቿ ቢሮ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ክራቫቱን እያስተካከለ ቃሉን ሰጠ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልጁ ይጮሃል። እሷ ምስኪን ‹ተረጋጋ ልጄ፣ ምንም አይደለም፣ ያልፋል› ትለዋለች። ከዚያ ዱብ!»

«ቃል በቃል እንዲህ አለች?»

«ቃል በቃል። ጆሮዬ ደህና ነው።»

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ደግሞ ያለቅሱ ነበር።

«እትዬ፣ ይረጋጉ እንጂ» አለቻቸው መርማሪዋ።

«እሷ ብትሰማሽ በአንድ እግርሽ ታቆምሽ ነበር!» እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «ባለፈው ወር ሠራተኛውን ሰብስባ አሠለጠነችን። የጨነቀውን ሰው ‹ተረጋጋ፣ ያልፋል› ማለት አፉን መዝጋት ነው፤ ጠይቁት፣ አድምጡት፣ ብቻውን አትተዉት አለች። ያን ቃል ያመለጠው በአንድ እግሩ ይቆማል። እኔ በዚህ ጉልበቴ ሦስቴ ቆሜያለሁ!»

«ሁሉም ሠራተኛ ነበር?»

«ፈርመው ውልቅ ያሉም አሉ» አሉ ከንፈራቸውን ገልብጠው። ወደ ማን ቢሮ እንዳዩ መርማሪዋ አላመለጣትም።

ከቀትር በፊት ሁሉንም በንባብ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ልጁ ከእትዬ ኋላ ተሸሽጎ ቆሟል።

«ሟቿ የጨነቀውን ሰው ‹ተረጋጋ› አትልም» አለች መርማሪዋ። «ሥልጠናው ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ይህን ያውቃል። የማያውቀው ፈርሞ የወጣ ብቻ ነው። ጌታዬ፣ እርስዎ ያልተባለ ነገር ቃል በቃል ሰምተዋል። ልጁ አጠገቧ ሲገኝ ወሬ ፈጠሩለት።»

«በአንድ ቃል ሰው ይከሰሳል?» ኃላፊው ፈገግ አለ።

«አይከሰስም። ሟቿ ግን የደብዳቤ ጫፍ ጨብጣ ነው የሞተችው። ቀሪው ከልጁ ዘንድ የለም፤ ክፍሉም ውስጥ የለም። ስለዚህ ይዞት የወጣ ሰው አለ። ሕንፃው ከተቆለፈ ወዲህ ደግሞ ዝንብ አልወጣም። ኮትዎን ያውልቁ።»

ኮቱን አላወለቀም፤ እጁ ግን ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደች። መርማሪዋ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። ፖሊሱ ወረቀቱን አወጣው፤ ጫፉ ልክ ገጠመ። ደብዳቤው አማካሪዋ ለዲኑ የጻፈችው ነው፦ ኃላፊው ልጁን በተማሪ ፊት እንዳዋረደው፣ ልጁ መኖር እንዳስጠላው ሦስት ጊዜ ቢነግረው «ሰነፍ ሰበብ አያጣም» ብሎ ከቢሮው እንዳባረረው ይዘረዝራል።

«አትላኪው ብዬ ለመንኳት። ስነጥቃት ወደቀች» አለ ኃላፊው። «መግደል አልፈለግሁም።»

«ልጁን ለማሰቀል ግን አላመነቱም።»

ኃላፊው ታስሮ ወጣ። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ሰው ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ አንድ በአንድ ተበተነ።

«አሁን ለማን ልንገር?» አለ ልጁ።

እትዬ ወንበር ሳቡለት። «ዛሬ ለእኔ። ነገ ሙያው ያለውን ሰው አብረን እንፈልጋለን፤ እኔ ራሴ እወስድሃለሁ።»