ዓይኑ ለደከመበት ሰው የወጣ ማስታወቂያ

የዓይን ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት አያምኑም። ከቢሯቸው የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል የሚገልጸው ሳይቀር፣ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለበት። ሠራተኞቹ እሳቸው በሌሉበት "ጋሼ ማኅተም" ይሏቸዋል። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ አታላይ በክሊኒኩ ስም ሐሰተኛ ማስታወቂያ ለጥፎ ታካሚዎችን አንከራትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እምነታቸውን ሁሉ ማኅተሙ ላይ ጣሉ።

ክሊኒኩ ድረ ገጽ ሲያሠራ ሥራው ለአንዲት ወጣት ባለሙያ ተሰጠ። የልጅነት ጓደኛቸው ልጅ ናት። ገጹን ጨርሳ በቢሯቸው ትልቅ ኮምፒውተር ከፍታ ስታሳያቸው ፊታቸው ቅጭም አለ።

"ምነው ባዶ ሆነ? ጽሑፍ፣ ጽሑፍ፣ አሁንም ጽሑፍ! ሕንፃችንስ?"

"ጋሼ፣ ሰው እዚህ የሚገባው ሐኪም መቼ እንዳለ ሊያይ ነው። አብዛኛው ደግሞ በስልክ ነው የሚከፍተው። ገጹ ቀለል ሲል ቶሎ ይከፈትለታል።"

"መቅለሉንስ አየሁት! ሰው እኛንም አቅልሎ እንዲያየን ነው?"

ሕንፃውን ከሰማይ የሚያሳይ ቪዲዮ ከሁሉ እንዲቀድም አዘዙ። "ቤቴ የሚገባውን ማወቅ አለብኝ" ብለውም፣ ገጹን የሚከፍት ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ የይለፍ ቃል እንዲያወጣ አደረጉ። ማስታወቂያ ደግሞ በቀጥታ ገጹ ላይ መተየቡ ቀረ። በወረቀት ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፎቶው ይለጠፍ ተባለ።

ባለሙያዋ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻለችም። "ጋሼ፣ ጽሑፉ ፎቶ ውስጥ ሲገባ ሰው ስልኩ ላይ ጽፎ ቢፈልገው በወጉ አይመጣለትም። ቢያገኘውም ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ስልካቸው ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ያደርጋሉ። ፎቶውን ምን ብሎ ያንብብላቸው?"

"ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ ወሬ ነው፣ ልጄ።"

ከዚህ በላይ ታላቅን መጋፋት ከበዳትና እንደታዘዘችው ሠራች።

ከክሊኒኩ በታች፣ ከጋራዡ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ታናሽም ታላቅም "እታለም" ነው የሚላት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዓይኗ ላይ ጭጋግ ወርዷል። ባለቤቷ የጋራዡ ጥበቃ ነው። ጠዋት ከሥራ ሲመለስ፣ ከመተኛቱ በፊት ለቀኑ የሚበቁ መርፌዎች ላይ ክር እያስገባ ትራስ ላይ ይሰካላታል። ሐኪም ያያት ጊዜ "የሞራ ግርዶሽ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይለቃል" ብሏታል። ለሕክምናው ግን አቅም አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ይህንኑ ሕክምና በነፃ ሊሰጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እታለም ክሊኒኩ በር ድረስ ሄዳ ጠየቀች። ዘበኛው በታዘዘው መሠረት፣ "ድረ ገጹ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ተከታተሉ" ብሎ መለሳት። ባለቤቷ ስልኩን አወጣና "ዓይን ጭጋግ ነፃ ሕክምና" ብሎ ጻፈ። የሩቅ አገር ሆስፒታል ሁሉ ተግተልትሎ መጣ፤ የደጃቸው ክሊኒክ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ አድራሻውን ከሰው ጠይቆ ከፈተው።

"ምን ይላል?" አለች እታለም።

"ሕንፃ ያሳያል።"

"ሕንፃውንማ በደጁ ሳልፍ አየው የለ! ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚመጡት?"

"እሱን ሊነግረኝ ሲል ካርዱ አለቀ።"

"ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!"

ካርድ ሞልቶ ሲመለስ ገጹ የይለፍ ቃል ጠየቀው። ያወጣውን ሁሉ "አይበቃም" እያለ መለሰው። እንዲህ ሲታገል ምዝገባው አለፈ። እታለም ተስፋ ቆረጠች። አንድ ደንበኛዋ ጠማማ ስፌት አይቶ ልብሱን ይዞ ሄዶባት ነበርና፣ የስፌት መኪናዋን ልትሸጥ ቆረጠች።

ሥራ አስኪያጁ ሱሪ ሊያሳጥሩ ወደ ሱቋ የገቡት ገዢው ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ፔዳል ሲፈትሽ ነው።

"ምነው እታለም? ሙያሽን ለማን ጥለሽ?"

"ሙያው አለ ጌታዬ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው። የእናንተ ነፃ ሕክምናም አመለጠኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ተቆጡ። "ይኸው ነው እኮ የሚያናድደኝ! ሐኪሞቹ ቁጭ ብለዋል፣ አልጋው ባዶ ነው፣ በነፃ ሲሰጠው እንኳ የሚመጣ ሰው ጠፋ! ማስታወቂያውኮ ወጥቷል!"

ባለቤቷ ከተኛበት ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኑን እያሸ ወጣ። "የት ነው የወጣው ጌታዬ? እስቲ ያሳዩኝ" ብሎ ስልኩን ዘረጋላቸው።

"አምጣው፣ አሁን ነው የማሳይህ።"

ስልኩን ተቀበሉ። ጠበቁ። ሕንፃው ከሰማይ መውረድ ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። ቀጥሎ ገጹ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። የራሳቸውን ረስተውታል።

"ዘመድ ካለዎት ይደውሉ" አለ ባለቤቷ። "ያለ ዘመድ የሚያስገባ አይመስለኝም።"

ገዢው ሳቁን ማፈን አቃተው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጸሐፊያቸው ደውለው የይለፍ ቃሉን አገኙና ማስታወቂያው ተከፈተ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉ። ፊደሉን በጣታቸው ሲያሰፉት ዳርና ዳሩ ከስልኩ መስኮት ወጣ። የምዝገባውን ቀን ፈለጉ። ቀኑ አይነበብም። ማኅተሙ በትክክል እሱ ላይ አርፎበታል።

ስልኩን ቀስ ብለው ለእታለም ባለቤት መለሱለት።

"እኔ ማንበብ ያቃተኝን" አሉ፣ "ዓይኑን የታመመ ሰው አንብብ ብዬዋለሁ።" ከዚያ ወደ ገዢው ዞሩ። "ወንድሜ፣ ይህን ግዢ ትንሽ ያቆዩልኝ።"

እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ለባለሙያዋ ደወሉ። "ልጄ፣ ያ የቀለለው ገጽሽ አለ ወይስ ጣልሽው?"

"አለ ጋሼ።"

"እንግዲያው እታለም ሱቅ ይዘሽው ነይ። በዚህ ሰው ስልክ ነው የማየው።"

ባለሙያዋ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መጠየቅ ነው። የእታለም ባለቤት ሲፈልግ ምን ብሎ እንደጻፈ በራሱ አፍ አስነገረችው። ሐኪሞቹ ለበሽታው የሚሰጡትን ረጅም ስያሜ ከርእሱ ወደ ታች አወረደችና፣ ላዩ ላይ "ዓይንዎ ጭጋግ ሆኖብዎታል? ነፃ ቀዶ ሕክምና አለ" ብላ ጻፈች። ቪዲዮው ወጣ፣ የይለፍ ቃሉ ቀረ። የምዝገባው ጊዜ ተራዝሞ ቀኑና ቦታው በጉልህ ተተየበ።

ሥራ አስኪያጁ አሁንም አንድ ነገር ከነከናቸው። "አታላይ ገልብጦ ቢያጭበረብርበትስ?"

"ጋሼ፣ ማኅተምንም ያስመስሉታል። የክሊኒኩ አድራሻ ግን የክሊኒኩ ብቻ ነው። የተጠራጠረ ሰው እዚህ ገብቶ ያረጋግጣል፤ ሊያረጋግጥ የሚችለው ግን በሩ ክፍት ከሆነ ነው። መልካሙን ወሬማ ይገልብጡት፣ ለጎረቤትም ይላኩት። የጻፍነው ለዚያ አይደል?"

እታለም ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ስልኩ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበላት። "ተመስገን" አለች በለሆሳስ። "ለካ እሱም አፍ አለው።"

በምዝገባው ቀን የክሊኒኩ ግቢ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ በሰልፉ ዳር እየሄዱ "እንዴት ሰማችሁ?" እያሉ ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ፣ "ልጄ ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ስልኳ ላይ አግኝታ ደውላ አነበበችልኝ፤ ፈጣሪ ይስጣችሁ" አሏቸው። ሥራ አስኪያጁ ምርቃቱን አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ማስታወቂያ የምታወጡ ወገኖቼ፣ መናገር ብቻውን ማሰማት አይደለም። የምትሠሩትን ገጽ በቢሯችሁ ትልቅ ኮምፒውተር አይታችሁ አትርኩ። ካርዱ ሊያልቅ በተቃረበ፣ መስተዋቱ በተሰነጠቀ ስልክ ክፈቱት። ሰው ችግሩን በሚጠራበት ስም ጥሩት። ማየት ለተሳነውም በጆሮው ይድረሰው። የሚበጀውን ነገር አውጥቶ መንገዱን መዝጋት፣ ከመከልከል የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

እታለም ታክማ ዓይኗ ከተገለጠ በኋላ ያ ገዢ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ "እሺ እታለም፣ በዋጋው እንስማማ?" አላት።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"መኪናው አይሸጥም" አለችው። "የሸሚዝዎ እጅጌ ግን አንዱ ከአንዱ ይረዝማል። ያውልቁትና ቁጭ ይበሉ።"