ከገደል ያወጣሁት የመሪ ቱቦ

ልጆቼ... ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ መኪና፣ በእነዚህ እጆቼ የደረሰ ነው። ማመን ቢያቅታችሁ አልቀየማችሁም፤ እኔም አንዳንድ ቀን ያቅተኛል።

ያለፈው ሐምሌ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ከክምር ድንጋይ ወደ ደብረ ታቦር እየነዳሁ ነበር።

የጉና ተራራ ጭጋጉን ለቆብናል። ቀን ነው... ግን ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም።

ከኋላ ወንበር ልጄ ትርንጎ ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ አሰለፈች አቅፋታለች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ "ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣ፤ ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሷት" ብላናለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ያለችኝ ይች አሮጌ ፒካፕ ናት።

ቁልቁለቱን ስጀምር መሪው አቃሰተ።

ማርሽ ቀንሼ ቀጠልኩ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጭራሽ ጮኸ። ከዚያ... ከበደ። በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ነው ከገደሉ አፋፍ የመለስኳት።

"ምንድን ነው ይሻው?" አለች አሰለፈች።

"ምንም አይደል።"

"ምንም ካልሆነ ለምን ላብ አጠመቀህ?"

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የመሪ ዘይት ቱቦው ተተርትሯል፤ ቀዩ ዘይት አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ መሪን የሚያቀለው ይህ ዘይት ነው። ሲያልቅ መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሆናል። ጎበዝ በጉልበቱ ይነዳው ይሆናል። የእኔ የቀኝ ትከሻ ግን ከበቅሎ ወድቄ ከወለቀ ወዲህ ባልዲም አያነሳ።

ቱቦውን በአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጠፍሬ አሰርኩት። ሞተሩን ሳስነሳ ዘይቱ በጥሶት ወጣ።

ስልክ ሞከርኩ። ኔትወርክ የለም። የሚያልፍ መኪናም የለም።

"አባባ..." አለች ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ። "አባባ አልችልም።"

ያን ጊዜ ነው የት እንደቆምን ያወቅሁት።

ከመታጠፊያው በታች፣ ጭጋጉ ሳሳ ሲል፣ አንዲት ፒካፕ በጎኗ ተኝታለች። የጌጡ መኪና ናት። ጌጡ በግንቦት እዚሁ ገደል ገብቶ የሞተ ሾፌር ነው። ፊቱን አላውቀውም፤ ስሙን ግን መንገዱ ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን። መኪናውም ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት።

አሰለፈች ዓይኔን ተከትላ አየች።

"ይሻው... ተው።"

"ቱቦዋን ብቻ ነው።"

"ጸበል አልተረጨባትም እኮ!"

እውነቷን ነው። እኛ ሾፌሮች ሰው የሞተበት መኪና ቄስ ጸበል ሳይረጭበት ብሎን አንፈታበትም። ሌባው እንኳ ይፈራዋል።

"ታዲያ ልጅሽ እዚህ ትሙት?" አልኳት። ተቆጥቼ ነው። ፈርቼም ነው።

ፒንሳዬን ይዤ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

የሾፌሩ በር ወደ ሰማይ ዞሮ ተዘግቷል። ዝጎ ተጣብቋል። ኮፈኑ ግን ተገንጥሎ ስለነበር ቱቦውን በቀላሉ ፈታሁት። ሳይበሳ የቀረ ነው። በማጠራቀሚያው የቀረውን ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁ።

ጠርሙሱ... ሞቀኝ።

ከግንቦት ጀምሮ ዝናብና ውርጭ ሲወርድባት የኖረች መኪና ናት። ዘይቱ ግን አሁን ከቆመ ሞተር እንደወጣ ይሞቃል።

"ፀሐይ ይሆናል" አልኩ ለራሴ። በዚያ ጭጋግ!

ሽቅብ መውጣት ስጀምር ከኋላዬ ብረት ሲጥጥ ሲል ሰማሁ።

ዞር አልኩ።

በሩ ተከፍቷል።

ልጆቼ፣ ሁለተኛ አልዞርኩም። ቱቦውን እንዴት እንደገጠምኩት፣ ዘይቱን እንዴት እንደጨመርኩት አላስታውስም። አስነሳሁ። መሪውን ነካ አደረግኩት...

ቀለለ። ጥጥ ሆነ።

"ተመስገን!" አለች አሰለፈች።

እኔም ልል ነበር። ግን መሪው ከእጄ ቀድሞ ዞረ።

ጭጋጉ ውስጥ ምንም አላየሁም። መሪው ወደ ግራ ሄደ... ከዚያ በኋላ ነው የግራ መታጠፊያው የመጣ። ወደ ቀኝ ሄደ... የቀኙ መጣ። መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ቀስ ብዬ እጄን አነሳሁ።

መኪናዋ መንገዷን ቀጠለች።

"ይሻው" አለች አሰለፈች በሹክሹክታ። "እጅህን መልስ።"

"መልሻለሁ።"

"እና ለምን ሁለቱም ጭንህ ላይ ናቸው?"

መለስኳቸው። መሪው እጄ የነካው ቦታ ላይ ሞቋል። ሰው ይዞት ቆይቶ አሁን እንደለቀቀው።

ደብረ ታቦር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ባሕር ዛፉ መሃል አንዲት የጭቃ መንገድ ትገነጠላለች። መሪው ወደዚያ ዞረ።

ፍሬን ያዝኩ። ወደ አስፋልቱ ልመልሰው ታገልኩ። ንቅንቅ አይልም። የሚታገለኝ ጎልማሳ ክንድ ያለ ይመስል እኔ ስስብ ይስባል፤ ስተው ይተዋል።

"ሆስፒታሉ ወዲህ ነው!" ጮኽኩ። ለማን እንደጮኽኩ አትጠይቁኝ።

ትርንጎ ከኋላዬ ጮኸች። እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"እግር..." አለች አሰለፈች። "ይሻው፣ እግሩ ታየኝ። ዝም ብለህ ንዳ። የትም ይሁን ንዳ!"

ፍሬኑን ለቀቅሁ።

መኪናዋ የጭቃውን መንገድ ወርዳ አንድ የቆርቆሮ አጥር ፊት ቆመች። ጡሩምባ አልነካሁም። የግቢው በር ግን ወለል ብሎ ተከፈተ። ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ቆማለች፤ ክንዷ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥላለች።

"አሁኑኑ አስገቧት" አለች። "ውሃው ሞቋል።"

"አንቺ ማነሽ?"

"ውቢት እባላለሁ። አዋላጅ ነኝ። ቀስ... ጀርባዋን ደግፏት።"

"ምጥ እንደያዛት ማን ነገረሽ?"

"ባለቤቴ ደወለ። 'በእግሩ የመጣ ነው፤ ተዘጋጂ' አለኝ።"

"ባለቤትሽ... ማን ይባላል?"

"ጌጡ።"

"ልጄ... ጌጡ እኮ..."

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባም ድንጋጤም የለም።

"አውቃለሁ አባባ" አለች። "እኔ ነኝ የቀበርኩት። አሁን ይውጡልን።"

ደጅ ቆምኩ። ስንቱን ጻድቅ እንደጠራሁ አላውቅም። ጩኸት ነበር... ከዚያ ረጅም ዝምታ።

በመጨረሻ ሕፃን አለቀሰ።

አሰለፈች በሩን ከፍታ፣ "ወንድ ነው። ሁለቱም ደኅና ናቸው" አለች። ድምጿ ግን የደስታ አልነበረም። እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝና ወለሉን በአገጯ አሳየችኝ።

እበት የተለቀለቀው ወለል ላይ ቀይ የዘይት ዱካ አለ። የባዶ እግር ዱካ። ከበሩ ተነስቶ እስከ አልጋው ይሄዳል።

የሚመለስ የለም።

"የማን ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ከእኛ በኋላ ማንም አልገባም" አለች።

ትርንጎ ደክሟት አንቀላፍታለች። ውቢት ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ አምርሮ ያለቅሳል።

"ስጪኝና ላባብለው" አልኳት፤ እጄን ዘረጋሁ።

ወደ እኔ አላየችም። ሰው ሲመጣ ቦታ እንደሚለቀቅለት፣ ትንሽ ጠጋ አለች።

ከጎኗ ያለው ፍራሽ... ቀስ ብሎ ጎደጎደ።

ሕፃኑ ዝም አለ። ጭንቅላቱንም ወደዚያ አዞረ።