በሰሙ መሐል የቀረች መስመር

ሟቹ ከፖም ሣጥኖቹ መሐል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የመጋዘኑ ጠባቂ ነበር። የገደለው አየር ማጣት ነው። ፖሙ እንዲቆይ ከክፍሉ ኦክስጅን ይወጣል፤ ሰው ከመግባቱ በፊት ደግሞ አየር መመለስ አለበት። ኦክስጅኑ ሲያንስ በሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ይጮኻል። ያን ቀን አልጮኸም።

በማግስቱ መርማሪው መጣ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ያረጀ ሰው ነው። «ምስጥ» ይሉታል፤ ድምፅ ሳያሰማ ቤት ያፈርሳል ለማለት። ስሙን ያወጡለት ቤታቸው የፈረሰባቸው ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ተቀበለው። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ድካምህ ነው። ገዳዩ ይታወቃል» አለ። «የገዛ ልጁ ናት። ኮምፒውተራችንን የምትይዘው እሷ ናት። ትናንት ጠዋት ከርነል አድሳለሁ ብላ ዋይፋዩን ገደለችው። ማስጠንቀቂያው አብሮ ሞተ። ሁለት ዓመት ሙሉ አትንኪው እያልኳት!»

«ከርነል ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሳታውቀው ነው ሁለት ዓመት የከለከልካት?»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካከለ።

ልጅቷ በመተላለፊያው ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እናትዋ ራቅ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ከትናንት ጀምሮ ለልጅዋ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባሌን በላሽው።»

«ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ፣ ልጄ» አለ ምስጥ።

«ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው፣ ጋሼ። ከርነል ማለት አስኳሉ ነው። ቀዳዳ ሲገኝበት ይታደሳል፤ ካልታደሰ በኢንተርኔት ሌባ ይገባል። ባለፈው ወር ገብቶ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶብናል። ችግሩ ዋይፋዩን የሚያሠራው፣ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። ከአስኳሉ ጋር አይመጣም። አስኳሉ በታደሰ ቁጥር እንደ ልብስ በልኩ እንደገና መሰፋት አለበት። እስኪሰፋ ዋይፋይ የለም፤ የክፍሉ ኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ የሚልከው ደግሞ በዋይፋይ ነው።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«አለው እንጂ። ድራይቨሩ አስኳሉ ውስጥ ያለ፣ ጥፍር የምታህል የዋይፋይ ዕቃ አለች። ትገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ‹ያለው ይበቃል› አለኝ አለቃ።»

«እና ትናንት ያለ ዋይፋይ ትተሽው ሄድሽ?»

«አልተውኩትም! ከክፍሉ መለኪያ እስከ ኮምፒውተሩ በዚህ ወለል ላይ ገመድ ዘረጋሁ። መጮኹንም ሞከርኩት። ለአባዬም ለአለቃም ‹እስክመለስ እንዳይነካ› ብዬ፣ ድራይቨሩን ከተማ ቢሮዬ ልሠራ በሦስት ሰዓት ተኩል ወጣሁ።» ወደ ዕቃ ሣጥኗ ጠቆመች። «አሁን ገመዱ እዚሁ ካለው የዕቃ ሣጥኔ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ጭራሽ አልዘረጋሽም ይሉኛል።»

የማቀዝቀዣው መካኒክ ሲጠየቅ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ ከሁለት ሠራተኞች ጋር። ገመድ አየሁም አላየሁም አልልም።»

«ጀግና!» አለ ምስጥ፤ ትቶት ሄደ።

መተላለፊያው ትናንት ለመጡ እንግዶች ተብሎ በሰም ተወልውሎ ያበራል። ምስጥ ተንበረከከና ባትሪውን ከጎን አብርቶ ብዙ ቆየ። ተነሥቶ እናትየዋን ጠየቃት።

«ይህን ወለል ማን ወለወለው?»

«ማን ይሆናል! ጠባቂ ብለው ቀጥረው ሁሉን ያሠሩታል። በአራት ሰዓት ተኩል ስደውልለት ‹አሁን ጨረስኩ፣ ወገቤ ተቆረጠ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

ከምሳ በኋላ አራቱንም እዚያው ሰበሰባቸው።

«ኮምፒውተሩ የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል» አለ። «ገመድ በሦስት ሰዓት ተሰካ፣ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነቀለ ይላል።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ራሷ የጻፈችው ነዋ! የይለፍ ቃሉ በእጇ ነው።»

«ልክ ነህ። ስለዚህ እሱን ትቼ ወለሉን ጠየቅኩ። ወለሉም የይለፍ ቃል አለው?»

ባትሪውን አበራ። በሚያብረቀርቀው ሰም መሐል፣ ሰም ያልነካት እርሳስ የምታህል መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየች። ከሣጥኑ የተገኘውን ገመድ አወጣ። ጎንና ጎኑ ላይ ሰም ደርቆበታል።

«ወለሉ ሲወለወል ገመዱ እዚህ ነበር። ወልዋዩ በግራም በቀኝም ዞሮ ሠራ እንጂ አላነሣውም፤ ልጁ አትንካ ብላዋለች። ምስክርሽ አባትሽ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«በአራት ተኩል ጨረሰ። እሷ ያኔ ከተማ ቢሮዋ ፈርማ ገብታለች። መካኒኩ ጣሪያ ላይ ነው። በስድስት ሰዓት ከእንግዶች ጋር እዚህ የተነሣኸው ፎቶ ላይ ግን ገመድ የለም። በመሐሉ ከሟቹ ሌላ እዚህ የነበረው አንተ ብቻ ነህ። ገመዱ ለፎቶ አላማረህም።»

«ገመድ ማንሣት ወንጀል ሆነ?»

«ቆይ።» ምስጥ ወደ መካኒኩ ዞረ። «አንተ በስድስት ሰዓት ወርደሃል። ወይስ ጆሮህ ጣሪያው ላይ ቀረ?»

መካኒኩ ላቡን ጠረገ። «ሰባት ሰዓት ላይ… እንግዶቹ ፖም ይቅመሱ ተባለ። ሽማግሌው ጠባቂ ‹ገመዱስ?› አለ። አለቃ ‹ልጅህ ሥራዋን ጨርሳ ነቅላዋለች፤ ስክሪኑ ደህና ይላል፣ ግባ› አለው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ገመዱ ከመነቀሉ በፊት የታየ ቁጥር ነው፤ ደርቆ ቀርቷል። ሽማግሌው ‹እሷ ከነቀለችው ደህና ነው› ብሎ ገባ።»

«አንተም ዝም አልክ።»

«ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ።»

«እሱም ልጅ ነበረችው።»

ሥራ አስኪያጁ ቆሞ፣ «እንግዶች እየጠበቁ ነበር! አንድ ደቂቃ ነው ያልኩት! ለአንዲት ገመድ…» አለ።

«በገመዱ አይደለም የምወስድህ» አለ ምስጥ። «በልጁ ስም ስላስገባኸው ነው። ሲሞት ደግሞ ገመዱን ሣጥኗ ውስጥ ከተትክባት።»

ሥራ አስኪያጁ ኮቱን እንዲያመጡለት ጠየቀ። ማንም አልተነሣለትም። ራሱ ሄዶ አመጣ።

እናትየዋ መጥታ ልጅዋ ፊት ቆመች።

«በእኔ ስም ነው የገባው፣ እማዬ።»

«ሰማሁ» አለች እናትዋ። «ተነሽ። አብረን እንቅበረው።»