ሰማያዊው የአበባ ማሰሮ

ትርሓስ ደረጃው ላይ የተንጠባጠበውን ውሃ ጠርጋ ጨርቁን ከጨመቀች በኋላ ነው ነገሩ ልክ እንዳልሆነ የተሰማት። ምኑ ልክ እንዳልሆነ ግን ማሰብ አልቻለችም። የቤቱ ባለቤት እትዬ አፀደ ከደረጃው ግርጌ ሞተው፣ ሰማያዊው የአበባ ማሰሮ አጠገባቸው ተሰባብሮ፣ የእናት ሐሳብ ወዴት ይሄዳል? አበቦቹን የምታጠጣው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጇ ረሆቦት ናት። ማሰሮውን ደረጃው ላይ ትታው አሮጊቷ ተደናቅፈውበት ቢሆንስ? ፖሊስ ሳይደርስ ውሃውን የጠረገችው ለዚህ ነበር።

ቤቱ ቦሌ፣ ከኤርፖርቱ አጥር ብዙም የማይርቅ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነበር፤ የውጭ ድርጅቶች የቦሌን ቪላዎች የሚሻሙበት። እትዬ አፀደ ፎቁ ላይ፣ ትርሓስና ልጇ ደግሞ ምድር ቤቱን ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

የፖሊስ መርማሪው ላጲሶ አስከሬኑን ለረጅም ጊዜ ቆሞ ተመለከተው። የአሮጊቷ ጭንቅላት የደረጃውን ጠርዝ መትቷል። ነጠላቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ የአበባ አፈር ተበትኖበታል። የነጠላውን ጫፍ አንስቶ ከሥሩ ያለውን ወለል አየ። ንጹሕ ነው። ከዚያ ስብርባሪውን አገላበጠ። የማሰሮው መቀመጫ ሳይሰበር ቀርቷል፤ ውስጡ ጠጠር አለ። ጠጠሮቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ጣቶቹን አሻሸ። አበባው የተተከለበት፣ ሥሩ የተበሳሳ ተራ ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ወዲያ ተንከባሏል።

መጀመሪያ ያነጋገረው የሟቿን ጎረቤት ኑራን ነው፤ ማዶ ሱቅ አላት።

«ማሰሮውን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም! መርካቶ አብረን ነው የገዛነው። ወርቃማውን ውሰጂ ብላት ‹ኑራ፣ አበባ ነው የምንድረው እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ዕቃ ስትመርጥ ባለሱቁ ያለቅሳል። ቀለሙ ቅጠሉን እንዳይውጠው፣ ፕላስቲኩ ገብቶ ዙሪያውን ጣት የሚያሳልፍ እንዲሆን፣ ሥሩ ደግሞ ድፍን ይሁን፣ ወለሌን እንዳያበላሽብኝ ትላለች…» ኑራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ከእትዬ አፀደ ጋር የሚጣላ ሰው ነበር?»

«ይሕደጎ ነዋ፣ የሟች ባሏ የወንድም ልጅ። ቤቱን ለፈረንጅ ድርጅት እናከራየው ይላታል። እሷ ደግሞ እናትና ልጅ ሜዳ ላይ አልጥልም አለች። ወላሂ፣ ትናንትም ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ግን እኮ መጨቃጨቅማ እኔም ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት።»

ይሕደጎ ኮቱን ቆልፎ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ።

«ልጅ ናት፤ ባይጨከንባት ደስ ይለኛል» አለ። «ከሰዓት መጥቼ ስወጣ ሰማያዊውን ማሰሮ ታቅፋ ስትወርድ አየኋት። ያኔውኑ አጠጥታው ነው መሰለኝ፣ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ደረጃው መሃል ላይ አስቀመጠችው። ‹አንቺ፣ ሰው ያደናቅፋል!› አልኳት። መች ትሰማለች!»

«ከሥሩ ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ከሥሩ። ጠብ ጠብ እያለ።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ትርሓስ ይህን ስትሰማ አጠገቧ ያለችውን ልጇን ክንዷን ያዘቻት።

ረሆቦት ግን በእልህ ተነፋች። «ውሸቱን ነው! ጓሮ ዩኒፎርሜን እያጠብኩ ነበር። ማሰሮውን አንስቼው አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምታጠጪው?» አላት ላጲሶ።

«ፕላስቲኩን ብቻ ነዋ የማነሳው። መታጠቢያ ቤት ወስጄ አጠጣዋለሁ፤ ሲጠፍፍ ወደ ማሰሮው እመልሰዋለሁ። ማሰሮው ውስጥ ውሃ ከተኛ የአበባው ሥር ይበሰብሳል ብለውኛል እትዬ። ደግሞ ያጠጣሁት ትናንት ነው።»

«ረሆቦት፣ እውነቱን ተናገሪ!» አለች ትርሓስ።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺም?»

ላጲሶ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። የማሰሮውን መቀመጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጀመረ።

«እትዬ አፀደ ማሰሮው አደናቅፏቸው ቢሆን ማሰሮውም አብሯቸው ይወድቅ፣ አፈሩም ከሥራቸው ይገኝ ነበር። ከነጠላቸው ሥር ግን አንዲት ቅንጣት አፈር የለም። ሁሉም ከላይ ነው። እሳቸው ከወደቁ በኋላ ማሰሮውን የጣለው ሌላ ሰው ነው።»

«ምናልባት ልጅቷ ደንግጣ…» አለ ይሕደጎ።

«ቆይ። ደረጃው ላይ ውሃ ነበር?»

ትርሓስ እንባዋ መጣ። «ነበር። እኔ ነኝ የጠረግኩት። ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ።»

«ከላይ እስከ ታች?»

«ከላይ እስከ ታች። ጠብታ ጠብታ።»

ላጲሶ ጠጠሩን አወጣ፤ ከጆግ ውሃ ቀድቶ መቀመጫው ውስጥ ሞላና ወደ ላይ አነሳው። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ያ ረህማን!» አለች ኑራ። «ድፍን ነው እኮ!»

«ድፍን ነው። ከሥሩ ሊንጠባጠብ አይችልም። ከላይ ፈሶ ነው እንዳይባል፣ ጠጠሮቹ ደረቅ ነበሩ። እንግዲህ ያ ውሃ ሆን ተብሎ ከጆግ የተንጠባጠበ ነው። ይህን ቤት የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ የሐሰት ምልክት አይሠራም። ወይዘሮ ኑራ አብረው ገዝተውታል። ልጅቷ ታጠጣዋለች። እናትየውም ልጇን ለማዳን ውሃውን ጠረገች እንጂ አላፈሰሰችም። አቶ ይሕደጎ፣ እርስዎ ብቻ የአበባ ማሰሮ ሁሉ ሥሩ ቀዳዳ ያለው መሰለዎት። ስለዚህ ያላዩትን አየሁ አሉ።»

ይሕደጎ የኮቱን ቁልፎች ፈታ። «እንድትሞት አልፈለግኩም… ክርክር ላይ እጄን ስትይዘኝ ገፋ አደረግኳት፤ በቃ። ደረጃው…»

«የልጅቷን ስምስ ለምን አነሱ?»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሲመሽ ኑራ ሰሃን ሙሉ ምግብ አምጥታ ሄደች፤ የነካው የለም። ቤቱ ነገ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። ረሆቦት አበባውን ከነፕላስቲኩ አንስታ አንድ ሰባራ ሰሃን ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ትርሓስ በሩ ላይ ቆመች። የይሕደጎ ዘመዶች ቢመጡስ? ነገ ውጡ ቢባሉስ? ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን ያ «አንቺም?» ነበር። «ልጄ፣ ላምንሽ ይገባኝ ነበር» ለማለት አፏን ከፍታ ዘጋችው።

«እማዬ» አለች ረሆቦት ሳትዞር።

«ወዬ!»

«ቆልፊውና ነይ። ብቻዬን ፈራሁ።»

ትርሓስ ቁልፉን አዞረች።