ብሩሹ እርጥብ ነበር

እየበላችሁ ከሆነ ጨርሳችሁ ተመለሱ። የምሬን ነው።

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። የደረሰው በራሴ ላይ ነው። አብራኝ የነበረችው ዩስራ ዛሬ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ትኖራለች፤ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። ካላቅለሸለሻት...

ጊዜው 2015፣ ጁላይ ወር ነው። የጀመረው ብራስልስ ከተማ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው የሚላችሁን እንዳታምኑ።

ሉሊት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። የምማረው ዴንታል ሃይጂን ነው። በአጭሩ፣ የሰው ጥርስ ማጽዳት። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ስለምውል በትንሹ አልጸየፍም።

ዩስራ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። አባቷ ጋሼ ኡስማን የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። እኛ ሁለታችንም ተማሪ፣ ሁለታችንም ኪሰ ባዶ። ግን አውሮፓን ካላየን ብለን ነበር። ሶ፣ አንዳንድ ባክፓክ ተሸክመን በአምስት ሳምንት አራት አገር ልናይ ወጣን። የምናድረው ስድስት ሰባት የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት ርካሽ ሆስቴል ነው። ምግባችን ዳቦና ቱና።

ፓሪስ ሰላም ነበር።

ብራስልስ ግን...

ክፍላችን ስድስት አልጋ ነበረው። አራቱ ባዶ ናቸው። ያለነው እኛ ብቻ። ከጠዋት ጀምሮ ስንዞር ቆይተን ሰባት ሰዓት ላይ ተመለስን። ዩስራ ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባች።

"ሉሊ..."

"እ?"

"በኔ ብሩሽ ተጠቅመሻል?"

"ኧረ! ለምን ብዬ?"

"እርጥብ ነው።"

የኔን አነሳሁት።

እሱም እርጥብ ነው።

ጥርሳችንን የቦረሽነው ጠዋት ነው። መድረቅ ነበረበት። ብሩሹ ግን ገና ይንጠባጠባል። ደግሞ ውሃ አይደለም... ወፍራም ነው። ጣቴ ላይ ያሟልጫል።

"ምራቅ ነው" አለች ዩስራ በሹክሹክታ።

አሸተትኩት። ለምን እንዳሸተትኩት አትጠይቁኝ፤ የሙያ ልማድ ነው። የበሰበሰ ድድ ሽታ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ማስክ አድርጌ እንኳ የማይጠፋኝ ሽታ።

ሁለቱንም ጣልናቸው። አዲስ ገዛን። አንድ ቆሻሻ ሰው ገብቶ ነው ተባባልንና ሳቅን። ሳቃችን ግን ከጉሮሮ አልወረደም።

ፕራግ ላይ ተጠነቀቅን። ብሩሾቹን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ከተትኩ። ፕላስቲኩን ባክፓክ ውስጥ፣ ባክፓኩን ደግሞ ሎከር ውስጥ። ሎክ አደረግኩት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ስንመለስ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሎከሩም እንደተዘጋ ነው።

ፕላስቲኩን ከፈትኩ።

እርጥብ...

የሁለቱም ብሩሽ ፀጉር ተንጋዷል፣ ተበትኗል። ዓመት ሙሉ የተፋቀበት ይመስላል። የገዛናቸው ከሦስት ቀን በፊት ነው። በኔው ብሩሽ መሃል አንድ ሮዝ ነገር ተሰክቷል። በጥፍሬ ሳብኩት።

ሥጋ ነው። የድድ ቁራጭ።

ዩስራ ክፍሉ ጥግ ያለው የእጅ መታጠቢያ ላይ አስመለሰች። አፏን ጠርጋ ቀና ስትል ዓይኗ ሌላ ሆኖ ነበር።

"ቀልድሽ ነው አይደል?"

"ምን?"

"የጥርስ ተማሪዋ አንቺ ነሽ። ቁልፉም ያለው አንቺ ጋ ነው።"

"ዩስሪ፣ አብረን አይደል እንዴ የዋልነው?"

"አትንኪኝ!"

ያን ቀን ዳግመኛ አላናገረችኝም። ከስድስት ዓመታችን ጀምሮ ተኳርፈን ያደርንበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ብሩሽ ተውን። ዩስራ አባቷ የሰጧት የእንጨት መፋቂያ ነበራት። ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ወረወረችልኝ። የሸሚዜ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከላዬ አልወጣም።

ወደ ቡዳፔስት በሚሄደው ባቡር ላይ ልፍቅበት አወጣሁት። እኔ የምጠቀመው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። ያልነካሁት ጫፍ ግን ታኝኮ፣ ታኝኮ፣ እንደ ጭራ ተበትኗል።

እርጥብ ነው። ሙቅም ነው... አሁን ከአፍ የወጣ ያህል።

በመስኮት ወረወርኩት። ለዩስራ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንደገና በኔ ታሳብባለች ብዬ ፈራሁ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ብነግራት ኖሮ የራሷንም ትጥለው ነበር።

ቡዳፔስት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ደክሞን አልጋ ላይ ወድቀናል። ዩስራ ከላይ፣ እኔ ከታች። ፀሐይዋ በመስኮት ትገባለች። ውጪ ሰው ይስቃል።

አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ...

ቀስ ያለ። እርጥብ።

"ሉሊ..." አለች። አፏ የታፈነ ይመስላል።

"አቤት?"

"ጣትሽን... ከአፌ አውጪው..."

እኔ ከታች ነኝ። ሁለቱም እጆቼ ደረቴ ላይ ናቸው።

ዘልዬ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ማንም የለም። ዩስራ ዓይኗን ጨፍናለች። ከአፏ ጥግ ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ትራሷ ላይ ይወርዳል።

"ክፈቺ። ዩስሪ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

በስልኬ መብራት አየሁ። ጥርሷ ሁሉ ያብለጨልጫል። እኔ በክሊኒኩ መሣሪያ ሁሉ እንደዚያ አድርጌ አላጸዳም። ድዷ ግን ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

እንደተማርኩት ቆጠርኩ። ዩስራ ያላት ሃያ ስምንት ጥርስ ነው። አራቱን ስታስነቅል አብሬያት ነበርኩ።

ሃያ ዘጠኝ።

ደግሜ ቆጠርኩ።

ሃያ ዘጠኝ...

ከመጨረሻው መንጋጋ ኋላ፣ በጉንጯና በድዷ መሃል፣ አንድ ቡናማ ጥርስ ተሸጉጧል። የተበላ። የአሮጌ ሰው ጥርስ።

በሁለት ጣቴ ሳብኩት። ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሥጋ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። እኔ፣ በትንሹ የማልጸየፈዋ ሴት፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ አስመለስኩ።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"አትዪው።"

በሶፍት ጠቅልዬ ሽንት ቤት ከተትኩትና ውሃ ለቀቅኩበት። እሷ ቁርአን እየቀራች፣ እኔ በኢየሱስ ስም እያልኩ ዕቃችንን ሰበሰብን። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለስን።

ሐኪም ራጅ አነሳት። ምንም የለም አለ። ድዷ እስኪሽር ሦስት ሳምንት ሾርባ ብቻ ጠጣች። እኔ በየጠዋቱ ብሩሼን ቼክ አደርጋለሁ። ደረቅ። ሁልጊዜ ደረቅ።

አለፈ አልን።

ሴፕቴምበር ላይ ፌርፋክስ ምሳ ልንበላ ተገናኘን። ቅዳሜ ነው፣ ሬስቶራንቱ ጢም ብሏል። በያይነቱ አዘዝን። የመፋቂያውን ነገር እዚያ ነገርኳት።

"ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ..."

"አውቃለሁ። ፈርቼሽ ነው። ይቅርታ።"

ፈገግ አለች።

"እኔም ክፉ ተናግሬሻለሁ። በይ አጉርሺኝ፣ ይብቃን። ግን ትልቅ አድርጊው!"

እንባዬ መጣ። ምስርና ጎመን ጠቀለልኩና ዘረጋሁላት። በዚያው ቅጽበት አስተናጋጇ "እንጀራ ልጨምርላችሁ?" አለችኝ።

ዞርኩላት። "አንድ ይበቃናል" እያልኩ ጣቶቼ አፍ ውስጥ ሲገቡ ተሰማኝ።

ሙቅ። እርጥብ።

ሳቅኩ። "ቀስ በይ! ጣቴን ልትበዪው ነው?"

አልለቀቀኝም። ጣቶቼን መጠጣቸው። እስከ ሁለተኛው አንጓ... ምላሱ በጣቶቼ መሃል ዞረ።

ሳቄ ቆመ።

ጥርስ የለውም።

ከላይም ከታችም፣ ልስልስ ያለ ድድ ብቻ።

ፊቴን መለስኩ።

ዩስራ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላለች። ስልኳን ይዛ ቀና አለች።

"ሶሪ፣ ወድቆብኝ ነው። በይ፣ አጉርሺኝ" ብላ አፏን ከፈተች።

እጄ ባዶ ነበር። ከጣቶቼ ጫፍ ግን ወፍራም ምራቅ ተንጠልጥሏል። ባዶው አየር ላይ ተዘርግቷል እንጂ ወደ መሬት አይወርድም። አልተበጠሰም። እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ ቀስ እያለ ይጎተት ነበር...

ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ።