የሲኒት ተራ

ሔራን ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው። ሮም ውስጥ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ደረጃውን ሁልጊዜ በሩጫ ነው የምትወጣው። አንድ ቦታ መቀመጥ አትወድም። እዚህ በእናንተ መካከልም እንደዚያ ያለ ልጅ አለ፤ ስሙን ግን አልናገርም!

ሔራን ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ሰርፍ መማር ጀምራ ነበር። ሰርፍ ማለት ጣውላ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት ነው። እርሷ ግን ገና በሆዷ ተኝታ ነበር የምትንሸራተተው። እንደ ትልልቆቹ መቆም በጣም ትመኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አባቷ አቶ ፊልጶስ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኙ። ቤተሰቡም በመርከብ ወደ ሰርዴኛ ደሴት ሄደ። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ቅድሳን ልጅ ሲኒትም አብራቸው ሄደች፤ እናቷ በነሐሴም ሥራ ነበራቸው። ሲኒት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የያዙት ጣውላ አንድ ብቻ ነበር።

«ተራ በተራ ነው፣ እሺ?» አሉ አቶ ፊልጶስ።

«ቫ ቤኔ!» አሉ ሁለቱም፤ በጣሊያንኛ «እሺ» ማለታቸው ነው።

ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ ከምግብ ሌላ ከምን እንደሚጾም ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። ሔራን በትልልቅ ፊደል «ከውሸት» ብላ ጽፋለች። ይህን እንዳትረሱ።

የደሴቱ የባሕር ዳርቻ በጃንጥላ ተሞልቶ እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። አንድ ማዕበል ሲመጣ ስድስት ሰው ይሻማበታል። ሔራን ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ተጋጨች።

«አባዬ፣ ሰው የሌለበት ቦታ እንፈልግ!»

ፍለጋው ተጀመረ። እናቷ ሕፃን ወንድሟን ይዘው በተከራዩት ቤት ሲውሉ፣ ሦስቱ በጠዋት ተነሥተው የፍየል መንገድ ይወርዳሉ። አንዱ ቦታ ማዕበል የለውም። ሌላው ድንጋይ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ነጭ አሸዋና ለስላሳ ማዕበል አገኙ። ሰው የሚባል የለም! ልጆቹ እየጮኹ ዘለሉ።

ፈተናው የመጣው እዚያ ነው። ሔራን አሸዋው ላይ አንድ የደረቀ የባሕር ጃርት አገኘች። የባሕር ጃርት ሎሚ የሚያህል፣ ዙሪያውን እሾህ የሆነ እንስሳ ነው። የረገጠው ወዮለት! ሔራን አሰበች። ሲኒት ውሃ ካልገባች ጣውላው የእኔ ብቻ ነው።

«ሲኒት፣ እዪ! ጃርት!»

ሲኒት ክው አለች። «ውሃው ውስጥ አለ እንዴ?»

«ታዲያ ይሄ ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

አያችሁ? «አለ» አላለችም። ስለዚህ አልዋሸሁም ብላ ራሷን አሳመነች።

«ሲኒት፣ አትገቢም?» ሲሉ አቶ ፊልጶስ ጠየቁ።

«አይ ጋሼ፣ እኔ አሸዋው ይሻለኛል» አለች ሲኒት። መፍራቷን መናገር አፍራ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ አሸዋ ስትቆፍር ዋለች። በሦስተኛው ቀን ሔራን ጣውላው ላይ ቆመች! «አያችሁኝ?» ብላ ዞረች። አባቷ ዳቦ ይቆርሳሉ። ሲኒት ጀርባዋን ሰጥታ ትቆፍራለች። ማንም አላያትም። ሔራንን ደስ አላላትም።

በመጨረሻው ቀን እናቷም ሕፃኑን ይዘው እስከ መንገዱ አናት መጡ። አቶ ፊልጶስ፣ «ሔራን፣ ከውሃው ውጪ፤ እናትሽን ላውርዳት» ብለው ወደ ላይ ወጡ። ሔራን እሺ ብላ ስትወጣ፣ ጣውላውን ከእግሯ ጋር ያሰረው የልብስ ማስጫ ገመድ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሰነቀረ። ውሃው ወገቧ ድረስ ነው፤ ማዕበሉ ግን እየመጣ ይጥላታል።

«ሲኒት! ድረሽልኝ! ገመዱ ያዘኝ!»

ሲኒት ብድግ አለች። ውሃውን አየች። ባዶ እግሯን አየች። ከዚያ አማተበችና ገባች። እግሯን እንደ ዶሮ ከፍ እያደረገች፣ በየርምጃው «እመቤቴ! እመቤቴ!» እያለች ደረሰች። ጎንበስ ብላ ገመዱን ከድንጋዮቹ መካከል መዥርጣ አወጣችው።

«ጃርቱ ወጋሽ እንዴ?» አለቻት።

ሔራን ማልቀስ ጀመረች። «ጃርት የለም፣ ሲኒት። አንድም የለም። ጣውላውን ለብቻዬ ልያዝ ብዬ ነው።»

ሲኒት ቱግ አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ጉድጓድ ስቆፍር?»

«ይቅር በይኝ።»

«እሺ፤ ግን ዛሬ ተራው የኔ ብቻ ነው!»

«ያንቺ ነው!»

አቶ ፊልጶስ ሲመለሱ ሔራን ራሷ ሁሉን ነገረቻቸው።

«ጾምሽን ገደፍሽ ማለት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሪ። ፍልሰታ ገና አላለቀም።»

ሔራን ጣውላውን ከኋላ ይዛ ሲኒትን አስተማረቻት። ሲኒት ስድስት ጊዜ ወደቀች። በሰባተኛው ቆመች! ሁለት እስክትቆጥሩ ያህል ብቻ ነው፤ ግን ቆመች። የሔራን እናት እልል አሉ፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፤ ሔራን ውሃ ውስጥ ጨፈረች። «እኔ ከቆምኩበት ቀን ይበልጥ ደስ አለኝ» ብላ ነው የነገረችኝ።

ልጆቼ፣ ሰውን ለማታለል ብላችሁ የምትናገሩት ነገር፣ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በእግዚአብሔር ፊት ውሸት ነው።