ተበዳይ ከመፈረሙ በፊት

«እንላከውና እንገላገል» አለ ሮኬት፣ ማውዙን ሳይለቅ።

የውድድሩ ቅጽ ድረ ገጻቸውን እነማን እንደሞከሩት ይጠይቃል፦ ሕፃናት፣ ወጣቶች፣ ጎልማሶች፣ አረጋውያን። ሮኬት አራቱም ላይ ምልክት አድርጓል። አንድም አረጋዊ ግን ገጹን አላየም።

ድረ ገጹ ስለ ገንዘብ የሚያስተምር ነው፤ ቁጠባ፣ ብድር፣ ወለድ። ኮዱን ለችኮላው «ሮኬት» የተባለው ልጅ ጻፈ፣ ጽሑፉን አጠገቡ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛው። ስህተት አይታ ስለማታልፍ በክፍል ውስጥ «አራት ነጥብ» ይሏታል። ውድድሩ የሚዘጋው ዛሬ ነው። «ለሁሉም ዕድሜ» በሚለው ዘርፍ ያሸነፈ ለትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ አዲስ ኮምፒውተር ይወስዳል። አሁን ያለው ሲከፈት ያስላል፣ ሲሞቀው ይተኛል።

እግሯ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። ስልኩን እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ የትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ላሉት አረጋዊት ልብስ ሰፊ አሳይታ ትመለሳለች።

«የኮምፒውተር ክፍሉ ሊዘጋ ነው እኮ። ደግሞ ማን ሊያጣራ?»

ስልኩን ከእጁ ወስዳ ሮጠች።

ልብስ ሰፊዋ የሱሪ ጠርዝ እየቀለበሱ ነበር። የመጣችበትን ስትነግራቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ስልኩን አርቀው ያዙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «ተበዳይ ከመፈረሙ በፊት ወለዱን አጣርቶ ይጠይቅ።»

ቆም አሉ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ይኼን የጻፈ ሰው ብድርን ያውቃታል።»

«ተበዳሪ» ማለቷ ነበር። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። «ስህተት ነው፣ እማማ። አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«ለኔስ አልተሳሳትሽም» አሉ። ሳቃቸው አልቆ ነበር። የእህታቸው ልጅ ሲበደር ዋስ ሆነው እንደፈረሙ፣ ልጁ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ወደ እሳቸው እንደዞረ፣ ሁለተኛዋን የስፌት መኪና የሸጧት ለዚያ እንደሆነ ክር እያጠነጠኑ ነገሯት። ከዚያ ገጹን በጣታቸው ወደ ላይ ገፉት፤ ወደ ታች መለሱት።

«አበዳሪ አለ። ተበዳሪም አለ። ዋስ የቱ ጋ ነው፣ ልጄ?»

የትም አልነበረም።

ስትመለስ የክፍሉ ጠባቂ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መስኮት ይዘጋል።

«ሞከሩት?» አለ ሮኬት።

«ሞከሩት።»

«በቃ፣ እውነት ሆነ። ላኪው።»

እውነት መሆኑ ነበር ያስጨነቃት፤ ሞክረውታል፣ ገጹ ግን ለሳቸው የሚሆን ነገር አልነበረውም። «ተበዳይ» የሚለውን «ተበዳሪ» ብላ አስተካከለች። ጠቋሚውን «ላክ» ላይ አደረሰችው፤ መለሰችው። ልብስ ሰፊዋ ፈልገው ያጡትን ነገረችው። ሮኬት ካሸነፉ በኋላ እንደሚጨምሩት ተናገረ፤ ማንም እንደማያውቅባቸውም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ለዚህ ገጽ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ በአንዲት ቃል ልታፈርሺው ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«አረጋውያን» ከሚለው ላይ ምልክቱን አነሳች። አራቱም ዕድሜ ስላልተሟላ ቅጹ ዘርፋቸውን ወዲያው ወደ «ለወጣቶች» ቀየረው። የዚያ ሽልማት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ላከችው።

ሮኬት ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ጀርባውን ሰጥቷት መስኮቱ ጋ ቆመ። ጠባቂው «በሉ እንጂ ልጆች» አላቸው። እሷ ባዶ ገጽ ከፍታ አናቱ ላይ «ዋስ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ በላይ አልሄደላትም።

«ተበዳሪው ባይከፍልስ?» አለ ሮኬት፣ ሳይዞር።

«አንተ ተበደርክ እንበል» አለች። «እኔ ፈረምኩ።»